ቁጥር የተለጠፈባቸው ባትሪ ድንጋዮች

ወደዚያ ቤት ቁጥር ሳይለጠፍበት የሚገባ ዕቃ አልነበረም። መጥረጊያው ቁጥር ነበረው፤ መጥረጊያው የሚሰቀልበት ምስማርም የራሱ ቁጥር ነበረው፤ ጃንጥላው ደግሞ አንድ በጨርቁ፣ አንድ በእጀታው ሁለት ቁጥር ይዞ ይኖር ነበር። አባወራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ስለ ሠሩ፣ ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ ልማዳቸው አልነበረም። ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸውን “አቶ ቁጥር” የሚል ስም ጎረቤቱም ወርሶታል። እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል እንጂ እንደ ስድብ ቆጥረውት አያውቁም።

ባለቤታቸው በዚያው ሆስፒታል ነርስ ስለ ነበሩ እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ “ሲስተር” ይላቸዋል። ሲስተር ባላቸውን በአዘቦቱ “አንተ” ይሏቸዋል፤ “አንቱ” የሚሏቸው ሊቀልዱባቸው ሲያምራቸው ብቻ ነው። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን ገና የቁርሱ ሳሕን ሳይነሣ “አንቱ” ተጀምሮ ነበር።

ለዚህ ያበቃው በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞስታት ነው። ይህች የመዳፍ ስፋት ያላት ነጭ ሣጥን የቤቱን ማሞቂያ መቼ ተነሥ፣ መቼ ተኛ እያለች የምታዝ ናት። ማለዳ በመስኮቷ ላይ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል አቶ ቁጥር አይተው ደስ አላቸው። ደስ ያላቸውም ለዚህ ቀን አስቀድመው ስለ ተሰናዱ ነው፤ አራት አዳዲስ ባትሪ ድንጋዮች ቁጥራቸው ተለጥፎባቸው በመሳቢያ ውስጥ ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። አሮጌዎቹን አወጡ፣ ከአዲሶቹ ሁለቱን አስገቡ፣ ክዳኑን ገጠሙ። መስኮቷ ጨለመች። ከምድር ቤት ይሰማ የነበረው የማሞቂያው ጉርምርምታም ቀጥ አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን ነገሩ እንደ ዋዛ ይታለፍ ነበር። በዚያ ቀን ግን ልጃቸው ለምሳ ትመጣለች። ባለፈው የብርድ ወቅት ማሞቂያው ሦስት ቀን ጠፍቶ ሳለ፣ አቶ ቁጥር ብርድ ብርድ ማለትን የሥነ ሥርዓት ጉድለት አድርገው ቆጥረው ዝም በማለታቸው፣ ሲስተርን ብርድ መትቷቸው ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ። ያኔ ልጅቱ አባቷን ቃል አስገባቻቸው፤ ዳግመኛ መጥታ ቤቱን ቀዝቃዛ ካገኘችው ሁለቱም በሩን ዘግተው እሷ ዘንድ ይገባሉ። አቶ ቁጥርም በሲስተር ምስክርነት እጃቸውን ዘርግተው “እሺ” ብለዋል።

የልጅቱ ቤት መልካም ነው። ለእነሱ የሚሆነውን ክፍል መጋረጃው ሳይቀር አዘጋጅታዋለች። ዳሩ ግን በዚያ ቤት ውስጥ በአቶ ቁጥር ቁጥር የምትጠራ አንዲት ማንኪያ እንኳ የለችም። ወንበር ከቦታው ለማንቀሳቀስ ፈቃድ የሚጠየቅበት ኑሮ ለእሳቸው ኑሮ አልነበረም።

አራት ሰዓት ሆኗል፤ ልጅቱ የምትደርሰው ስድስት ተኩል ላይ ነው። አቶ ቁጥር ከረባታቸውን አስረው የመሣሪያውን መመሪያ ከፋይሉ አወጡ። ከረባት ምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መመሪያ በፒጃማ አይነበብም ብለው ይመልሱለት ነበር።

መመሪያው በመጀመሪያ የድንጋዮቹን አቅጣጫ መርምር ይላል። መረመሩ፤ የመደመር ምልክቱ ከመደመር፣ የመቀነሱ ከመቀነስ ጋር ነው። ቀጥሎ ክዳኑ በሚገባ መግጠሙን አረጋግጥ ይላል። ቀጭ እስኪል ተጫኑት። ከዚያም ድንጋዮቹን አውጥተህ አምስት ደቂቃ ቆይተህ መልስ ይላል። አቶ ቁጥር የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ከግድግዳው ፊት እንደ ዘብ ቆሙ።

ሲስተር ሁለት ሹራብ ደርበው፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከመኝታ ቤቱ በር ብቅ አሉ።

“ሕመምተኛው እንዴት ነው?”

“አምስት ደቂቃ ይረፍ ተብሏል።”

“እኛም የሚደረገው ሲጠፋን እንደዚያ ነበር የምንለው” አሉና ተመልሰው ገቡ።

አምስት ደቂቃው ቢሞላም የመጣ ለውጥ አልነበረም። አቶ ቁጥር ወደ ምድር ቤት ወርደው የማሞቂያውን ፊውዝ አዩ፤ ደኅና ነው። መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ደገሙት፤ ምናልባት በፊት ያልነበረ ነገር ተጽፎበት እንደ ሆነ ብለው ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡት። ቀሪዎቹን ሁለት አዳዲስ ድንጋዮች አምጥተው ሞከሩ፤ ያው ጨለማ ነው። በመጨረሻ ቸግሯቸው መመሪያው ያላዘዘውን አደረጉ፤ አሮጌዎቹን መለሱ። መስኮቷ ቦግ ብላ አሥራ አራት ዲግሪ መሆኑን አሳየችና ወዲያው ከሰመች።

እንግዲያውስ ሣጥኗ ደኅና ናት፤ ጥፋቱ የአዲሶቹ ድንጋዮች ነው። አቶ ቁጥር ንዴትና እፎይታ አንድ ላይ ያዛቸው። አራቱም ከፋብሪካው የወጡት ሞተው መሆን አለበት። ወዲያው የአቤቱታ ደብዳቤ በልባቸው ማርቀቅ ጀመሩ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱም ለሲስተር ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ሲስተር የደብዳቤውን አማርኛ አመስግነው፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ከጎረቤት ሁለት ድንጋይ ብንዋስ ምን ይመስልዎታል አሉ። አቶ ቁጥር የማን እንደ ሆነ በውል ያልታወቀ ድንጋይ በግድግዳቸው ውስጥ እንደማያስገቡ ገልጸው፣ ራሳቸው ሱቅ ሊሄዱ ኮታቸውን አነሡ። አንደኛውን እጅጌ እንዳጠለቁ የበሩ ደወል ጮኸ። ልጅቱ አንድ ሰዓት ቀድማ መጥታለች።

ልጅቱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ያልተሠራውን የቤት ሥራ ነው። ወላጆቿን ስማ ሳትጨርስ ግድግዳው ሥር ያለውን የማሞቂያውን ብረት በመዳፏ ዳበስ አደረገች። ሲስተር ብርድ ልብሱን ከሶፋው ኋላ ወርወር አድርገው፣ ዛሬስ ሙቀቱ ቢያስጨንቀን ማሞቂያውን አጥፍተን መስኮት ከፍተን ነበር አሉ። የሁለቱም ሹራቦች ቁልፎች ግን እስከ አንገታቸው ድረስ ተቆልፈው ነበር።

አቶ ቁጥር በአንድ እጃቸው ኮት እንደ ለበሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

“እናትሽን አትስሚ። ቤቱ አሥራ አራት ዲግሪ ነው። ቃል ሰጥቻለሁ።”

ከኪሳቸውም የቤቱን ቁልፍ አውጥተው ዘረጉላት። ቁልፉ ላይ እንደ ሥርዓቱ ቁጥር አንድ የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል። ልጅቱ ለክርክር ነበር ተዘጋጅታ የመጣችው፤ እጅ ይሰጣሉ ብላ አላሰበችም። ቁልፉን ተቀብላ የምታደርገውን አጥታ በእጇ ላይ ታየው ጀመር።

“ማብራቱን ረስተኸው ነው፣ አባባ?” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ይህ ጥያቄ ከብርዱ ይልቅ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። አልረሳሁም፣ ድንጋዮቹ ናቸው የከዱኝ አሉና አንዱን እንደ ማስረጃ አቀረቡ። ሲስተር ከእጃቸው ተቀብለው፣ ድሮ የሙቀት መለኪያ ያነቡ እንደ ነበረው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው በሁለት ጣታቸው አሽከረከሩት። ከዚያም ገለበጡት። ድምፅ የሌለው ሳቅ ትከሻቸውን ያርገፈግፈው ጀመር።

“አንቱ፣ ይህን ቁጥር ቂጡ ላይ የለጠፈው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ። ጎኑ ላይ ሲለጠፍ ድንጋዩ ወፍሮ ከቦታው አልላቀቅ አለ ብለሽ ባለፈው ዓመት የተማረርሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አሻሻልኩት።”

እውነትም አሻሽለውት ነበር። ወረቀቱ በትንሽ መቀስ ክብ ተደርጎ ተቆርጦ፣ የድንጋዩን ጠፍጣፋ ብረት ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል።

“ታዲያ ኮረንቲው በየት በኩል ይውጣ? የመውጫ ፈቃድ ጽፈውለታል?”

አቶ ቁጥር ድንጋዩን ተቀብለው አዩት፤ ከሣጥኗ ሞላ ጋር የሚነካካው ብረት በእሳቸው ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ታሽጓል። ጆሯቸው ቀላ። ሲስተር ሶፋው ላይ ተቀምጠው ለልጅቱ አንድ የቆየ ነገር አወጉላት፤ ወጣት ነርስ ሳሉ አርባ የሙቀት መለኪያ ተሸክመው ወደ ንብረት ክፍሉ የሄዱት፣ በአርባዎቹም ላይ ቁጥሩ ልክ በሚነበበው መስመር ላይ ተለጥፎ ስላገኙት ነበር። ኃላፊው አንድ ሰዓት ተከራክረው፣ ከዚያ አርባውንም በጥፍራቸው ልጠው መልሰው ለጠፉ። በማግስቱ መለኪያዎቹ ደኅና ይነበባሉ ወይ ብለው ሊጠይቁ መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን መጡ። በአራተኛው ቀን ነርሷ፣ እኔስ ደኅና መሆኔን ብትጠይቀኝ ምን አለበት አለቻቸው።

ይህ ሲወራ አቶ ቁጥር ጀርባቸውን ሰጥተው ወረቀቶቹን በጥፍራቸው ይልጡ ነበር። ድንጋዮቹን አስገብተው ክዳኑን ገጠሙ። መስኮቷ በራች፤ ከምድር ቤትም ጉርምርምታው ተነሣ።

ልጅቱ ቁልፉን ልትመልስ እጇን ዘረጋች፤ አባቷ ግን አልተቀበሏትም። ውሉ ስለ ብርድ እንጂ ስለ ምክንያቱ አይናገርም ብለው በገዛ ራሳቸው ላይ ፈረዱ። ያን ጊዜ ሲስተር ምስክርነታቸው እንዲሰማላቸው ጠየቁ።

“የተቀጠረው ለስድስት ተኩል ነው። ገና አምስት ተኩል ነው። ዳይሬክተሯ ያለ ሰዓቷ ገብታ ፈተና አትሰጥም። የማለፊያ ነጥቡም አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው።”

ልጅቱ እናቷን አየቻቸው፣ አባቷን አየቻቸው፣ ኮቷንም ሳታወልቅ ከቴርሞስታቱ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አቶ ቁጥር ከጎኗ ቆሙ። አሥራ አምስት ሲል አቶ ቁጥር ተንጠልጥሎ የቀረውን የኮታቸውን እጅጌ አጠለቁ። አሥራ ስድስት ሲል ልጅቱ የአንገት ልብሷን ፈታች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መስኮቷ አሥራ ስምንት አለች፤ ልጅቱም ተነሥታ ኮቷን አውልቃ ሰቀለችው፤ ቁልፉንም ቁጥር አንድ በሚለው ምስማር ላይ አንጠለጠለችው። ነገር ግን ኮረንቲ በሚያልፍበት ነገር ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ሁሉ ከእንግዲህ አስቀድሞ በእናቷ እንዲፈረምበት አዘዘች። አቶ ቁጥር ትእዛዙን በጽሑፍ እንድትሰጣቸው ጠየቁ።

ወደ ምሳ ሲጠሩ የተላጡት ክብ ወረቀቶች ገና ጣታቸው ጫፍ ላይ ተጣብቀው ነበር፤ ሊጥሏቸው አልጨከኑም፣ ማስቀመጫም አጥተዋል። ሲስተር አንዱን አንሥተው የኮታቸው ደረት ላይ ለጠፉትና በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አለሰለሱት።

“በዚህ ቤት ቁጥር ሳይኖረው የኖረ አንቱ ብቻ ነበሩ” አሉ።

አቶ ቁጥር ቁልቁል አይተው አነበቡት፤ ቀና ብሎ መለጠፉን በጣታቸው አረጋገጡና፣ ሳያነሡት ወደ ገበታው ሄዱ።