ራስጌና ግርጌ

"ከሁሉ በላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችና ዝም አለች።

ዝም ማለቱም የሥልጠናው ክፍል ነው። ሹል ጫማ ያደረገ አሠልጣኝ ባለፈው ወር ወደ ቤት እድሳት ድርጅታቸው ቢሮ መጥቶ፣ "ጠይቁና አፋችሁን ዝጉ። ዝምታው ሲከብደው ደንበኛው ራሱ ኪሱን ይከፍታል። ሰው የሚገዛው ግድግዳ አይደለም፣ እንቅልፉን ነው" ብሏቸው ነበር። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆቹ እየሳቁ ጻፉት። አሁን የሚስቅ የለም። ቢሮው ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ማን ምን ያህል ተጨማሪ ሥራ ለደንበኛ እንደሸጠ በየደረጃው ይጻፍበታል። በየሦስት ወሩ የመጨረሻው ስም ከሰሌዳውም ከሥራውም ይፋቃል። የዚህኛው ሦስት ወር ቀነ ገደብ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል፤ የመጨረሻው ስም የእሷ ነው።

ሠራተኞቹ "ደቂቃ" ይሏታል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቤት ከተባለው ቀን አሳልፋ አስረክባ አታውቅም። ዳይሬክተሩ ግን፣ "በሰዓቱ ማስረከብማ ግዴታሽ ነው። ትርፉ ያለው ጭማሪው ላይ ነው" ብሏታል። ባሏ የሚሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ከዋለ ዓመት አልፎታል። ዛሬ ጠዋት ስትወጣ ዓይኗን ሳያይ "ይቅናሽ" አላት።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻሻል። ከፊት ለፊቱ ያለው ክፍል ድሮ ደንበኞቹ ልብስ የሚለኩበት፣ ስፌቱ ሲቀንስ ደግሞ ሚስቱ የምትተኛበት ነበር። አሁን በሩ ሰፍቶ፣ ወለሉ ተስተካክሎ፣ መታጠቢያው መደገፊያ ብረት ተተክሎለት ለመመለሷ ተዘጋጅቷል። ሚስቱ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። እግሯ አይታዘዝም፤ ድምፅዋም ቀጥኗል።

"ሌሊት ስትጠራኝ አለመስማቴ" አለ በመጨረሻ። "ግራ ጆሮዬ አይሰማም፣ በልጅነቴ የሠራሁበት ፋብሪካ ጩኸት ወስዶታል። የወደቀች ቀን እዚያ ማዶ ሆና ስትጣራ ነጋ። እኔ እዚህ ተኝቻለሁ። ጠዋት ተነስቼ መሬት ላይ አገኘኋት።"

አዘነችለት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አእምሮዋ የጥሪ ደወሉን ዋጋ አስቦ ጨርሶ ነበር። ሁለቱ እኩል መምጣታቸው አስደነገጣት።

"የጥሪ ደወል አለ፣ አባባ። እሳቸው አልጋ ላይ ቁልፍ፣ መታጠቢያ ቤት ሌላ ቁልፍ፣ እርስዎ ጋ ደወልና መብራት።"

"ውድ ነው?"

"ውድ ነው።"

"የስፌት መኪናውን እሸጠዋለሁ። ከእንግዲህ ለማን ልሰፋ?" እስክሪብቶዋን ተቀበላትና ባዶው የተጨማሪ ሥራ ቅጽ ላይ ፈረመ። "ራስሽ ሙይው፣ ልጄ። አንቺ ያልሽው ቀን አልፎ አያውቅም።"

ኮሪደር ላይ ቀለም ቀቢው ከመሰላሉ አንገቱን አሰገገ።

"ደቂቃ፣ ተሸጠ?"

"ሥራህን ሥራ!"

"ምን ታደርጊ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ስልኳ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው።

"ፊርማ አገኘሽ?"

"አግኝቻለሁ።"

"ጎበዝ! ሞልተሽ ፎቶውን ላኪልኝ። የጥሪ ደወል ከሆነ ሦስተኛ ትወጪያለሽ።"

ደስ አላት። ደስ ማለቱ አሳፈራት፤ ግን ደስ አላት።

ገመዱ የሚያልፍበትን ለመለካት ሜትሯን ይዛ ተመለሰች። አልጋው በቁመቱ ግድግዳውን ተጠግቷል። ትራሱን አየችው፤ ከዚያ በሩን አየችው።

"አባባ፣ እንደ ሌሊቱ አድርገው ጋደም ይበሉልኝ እስቲ።"

ግራ ገብቶት በቀኝ ጎኑ ተጋደመ። "ፊቴን ወደ እሷ በር ካላዞርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለ።

ደህናው ጆሮው ትራሱ ውስጥ ገብቷል። ወደ ላይ የቀረው የማይሰማው ነው።

ሜትሩን እንደዘረጋች ቆመች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ደወሉ በእርግጥ ይጮሃል፣ እሱም በእርግጥ ይነቃል፤ ውሸት እንኳ አይባልም። ባሏን አሰበች። ነጩን ሰሌዳ አሰበች። ከዚያ የስፌት መኪናውን አየችው፤ የዘይት መቀቢያው ጨርቅ ላዩ ላይ ነው፣ አንዳች አቧራ የለበትም።

"ራስጌውን ወደ ግርጌ እናዙረው" አለች።

"ደወሉስ?"

"ላያስፈልግ ይችላል።"

ፊቱ ጠቆረ። "ቸኮልሽ፣ አይደል? ነገ ልታስረክቢ።"

ይህን ከሱ አልጠበቀችም። እየሸጠችለት ሲያምናት የነበረ ሰው እውነቱን ስትነግረው ጠረጠራት። ቀለም ቀቢውን ጠራች፤ አልጋውን ለሁለት ሆነው አዞሩት። ሽማግሌው እየከፋው አልጋው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ በግራ ጎኑ ተኛ።

"ባለቤትዎ ምን ብለው ነው የሚጠሩዎት?"

"አንተዬ።"

ወደ ሚስቱ ክፍል ገብታ አዲሱ ፍራሽ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን እስኪቀጥን አሳነሰችው።

"አንተዬ።"

ምንም የለም። ባይሰማስ ስትል አሰበች። ባይሰማ ቅጹን ያለ ኀፍረት ትሞላዋለች። ልቧ ይህንኑ ሲመኝ ያዘችው፤ ቢሆንም ከፊተኛው ይልቅ ዝቅ አድርጋ ደገመችው።

"አንተዬ።"

"አቤት!"

ባዶ እግሩን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሚስቱ የምትተኛበት ቦታ ላይ እሷን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"አልጋው ነበር?" አለ። "ያን ሌሊት... አልጋው ብቻ ነበር?"

ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ ተቀመጠና አለቀሰ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ይጮሃል። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። "የሥራው ዓይነት" ከሚለው ፊት ለፊት "አልጋ ማዞር" ብላ ጻፈች፤ "ዋጋ" የሚለው ላይ አንድ ሰረዝ አሰመረች። ፎቶ አንስታ ለዳይሬክተሩ ላከችውና ስልኩን አጠፋች።