የጋራዡ አርማታ

ጉግሳ አርማታ ይሁን አለ። ወለተ ጊዮርጊስ ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ አለች።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ጋራዣቸው ውስጥ ባልና ሚስት ስለ ወለል ሲጨቃጨቁ የሰማ ሰው ጥጋብ ይመስለዋል። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ከቤት የወጣ ሰው በሰላም መግባቱ ብርቅ በሆነበት ዓመት፣ የመኪና ማቆሚያ ማሳመር! መኪና እንኳ የላቸውም፤ ፊያቷን ከሸጧት ቆይቷል። ጋራዡ ግን ባዶ አልነበረም። ከአፈሩ ሥር ሣህሉ ነበር፤ የሃያ ዓመት ልጃቸው፣ አንድ ልጃቸው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አብዮት ጠባቂዎች ገድለው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጥለውት አባቱ አገኘው። እርምጃ የተወሰደበት ሰው አይለቀስለትም፣ ቤተ ክርስቲያንም አይቀበርም ተብሏል። ጉግሳ በጋሪ፣ ከሣር ሥር ደብቆ አመጣው። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ባነሳበት እጁ ቆፈረ። ወለተ ጊዮርጊስ ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ልጇን ቀበረች። እንዲህም አድርጎ መቅበር አለ!

ይኼ አልበቃ ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ጋራዡን ትርፍ ነው ብሎ ወረሰው። በአሥር ቀን ውስጥ ላንድሮቨሩን አምጥቶ ሊያቆምበት ነው። የድሬ አፈር ደግሞ ያው አሸዋ አይደል? የተቆፈረው ቦታ በየቀኑ እየሰረጎደ ሄደ። ጎማ ቢያርፍበት ጉዳቸው ፈላ፤ ልጁንም አውጥተው መልሰው ይጥሉታል።

ግንበኛው አብዱላሂ ተጠራ። ገብቶ ወለሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። የሰረጎደው ቦታ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ቁመቱ የሰው ቁመት ነው። ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

«ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ። ማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ አምላክ ይስጠው።

«ጥርብ ድንጋይ ይሁንልኝ» አለችው ወለተ ጊዮርጊስ። «ያለ ሲሚንቶ፣ አሸዋው ላይ ብቻ ደርድርልኝ። አንድ ቀን ይኼ ሁሉ ሲያልፍ አንስቼው ቤተ ክርስቲያን አሳርፈዋለሁ።»

«እትዬ፣ ወላሂ አልዋሽሽም» አለ አብዱላሂ። «ከሥሩ ልል ነው። ድንጋዩ ላንድሮቨር አይችልም፤ በሳምንቱ ይሰምጣል። ሊሾም ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። የሚችለው ብረት የገባበት አርማታ ብቻ ነው።»

«እሱስ ይነሳል?»

«አቦ፣ ምን ልበልሽ? አይነሳም።»

ጉግሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወለተ ጊዮርጊስ የሰረጎደው ቦታ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ልጄን ሁለት ጊዜ ልቅበረው? መሬት፣ መሬት አየች። ቢያገኙትስ? ለአሞራ ቢሰጡትስ? በመጨረሻ «አፍስስበት» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

አብዱላሂ ሥራውን ሲጨርስ «ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ይጠጣ፤ በዚህ ሙቀት ካልጠጣ ይሰነጠቃል» ብሏት ሄደ።

እሷም ባልዲዋን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቀን ብቻዋን ዋለች። በማግስቱ ጎረቤቷ ሃሊሞ ከነባልዲዋ ከተፍ አለች።

«ሲሚንቶሽ እንዳይሰነጠቅብሽ ብዬ ነው» አለችና ውሃውን አፍስሳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ቀጥላ ካልቱን መጣች፤ ከዚያ አስካለማርያም። በአራተኛው ቀን የሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ ክርስቲያኗም እስላሟም፣ ባልዲና ጀሪካን ይዛ ከች። አንዷ ዳቦ በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ታመጣለች። ማንም ስሙን አልጠራ፣ ማንም ደረት አልመታ። ውሃ ያፈሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ወለተ ጊዮርጊስ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ገና ያኔ ማልቀስ ቻለች።

በሰባተኛው ቀን ላንድሮቨሩ መጣ። ሊቀመንበሩ ወርዶ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ሴቶቹ እንደተቀመጡ ደረሰባቸው።

«ምንድን ነው ይኼ? ማነው የሞተው?»

ሴቶቹ ያኔ ነው ራሳቸውን ያዩት። ክርስቲያኖቹ ሁሉ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም አዝዟቸው አልነበረም፤ እጃቸው የለመደውን ነው ያደረገው።

«ሲሚንቶ እያጠጣን ነው» አለች ሃሊሞ ፈጠን ብላ።

«ለሲሚንቶ ነጠላ ይዘቀዘቃል እንዴ?» ዐይኑን ወለተ ጊዮርጊስ ላይ ተከለ። «አንቺን ነው የምጠይቀው። ማን ሞተብሽ?»

ጉግሳ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እውነቱን ብትናገር ልጇ ይቆፈራል፣ ባሏ ይወሰዳል፣ እነዚህ ሁሉ ሴቶችም ይታፈሳሉ። ተነሳች። ነጠላዋን አቀናች።

«ማንም አልሞተብኝም።»

«ልጅሽስ?»

«ልጅ የለኝም» አለች።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። ወለሉን በጫማው ተረከዝ ሁለቴ መታ መታ አደረገና «ጠንካራ ነው» ብሎ ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠ። መኪናው እያጓራ ገባ፤ የፊት ጎማው ልክ ከሣህሉ በላይ ሲደርስ ቆመ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዳይሰነጠቅ ስትለምን የሰነበተች እናት አሁን ምነው በተሰነጠቀ አለች፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንኳ፣ ዋሽቼ ነው ልጄ ብላ የምትነግርበት። አርማታው ንቅንቅ አላለም።