ጋሼ ሙራድ የጠየቁት

«ሙራድ በዋግምት ገደለው፤ ምን ይድበሰበሳል?» አለ ሌንጮ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሰማ። የሟቹ የደበሳ ታናሽ ወንድም ነው። «እዚህ ብቅ ይበልና ያየኛል።»

«ቀስ በል፤ ሰው ይሰማል» አለችው እህቱ በየነች።

«ይስማ።»

የደበሳ ልጅ ገለኔ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ሦስት ቀን ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። መቱ ውስጥ የእሷን ምላስ የማያውቅ የለም፤ አስተማሪዎቿ ቢያዩዋት አያምኑም። ምላሷን የሰጣት አባቷ ነው። ደበሳ ከያዮ የመጣ ቡና ሲያራግፍ፣ ኩንታሉ ጀርባው ላይ ሆኖ እንኳ ይቀልዳል።

ወገቡ ሲብስበት ጋሼ ሙራድ ዘንድ ሄደ። ከሱቃቸው ጓሮ ዋግምት ያደርጋሉ። ሁለቴ መለሱት። «ለልብህ ደም የሚያቀጥን ክኒን እየዋጥክ፣ ምላጭ አላስነካህም።»

በሦስተኛው ገለኔን አስከትሎ ሄደ። «ሐኪሙ አስቁሞኛል» አለ።

ጋሼ ሙራድ አላመኑትም። ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ ንገሪኝ። ይውጣል?»

አባቷ ከጀርባቸው ጠቀሳት።

«አሁንስ የሚውጠው ማር ብቻ ነው፤ እሱንም ከእኛ ደብቆ!»

ሦስቱም ሳቁ። ጋሼ ሙራድ ምላጩን አነሱ። ደሙ ግን አልቆም አለ። ደበሳ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ጋሼ ሙራድ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ማን ጠራህ?» ሌንጮ ዘሎ ኮሌታቸውን አነቀ።

«የሞተው ጓደኛዬ ነው» አሉ፣ ሳይታገሉት።

ገለኔ ተነሳች። «ዺሲ፣ አጎቴ፤ ልቀቃቸው። ክኒኑን ይውጥ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ!» አለች በየነች።

«ሦስት ቀን ዝም አልኩ እኮ፣ አክስቴ።»

ሌንጮ እጁን ለቀቀና አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። ጋሼ ሙራድ ልጅቷን አዩዋት፤ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

«ልጅ መጠየቅ አልነበረብኝም» አሉ በመጨረሻ።

ሌንጮ ሲያንቃቸው የሸሚዛቸው ቁልፍ ተበጥሶ የሆነ ቦታ ወድቋል። ገለኔ ተንበርክካ በለቀስተኛው ጫማ መሀል ትፈልገው ጀመር። እንባዋ እየወረደ መሬቱን ትዳብሳለች። «ተይው፣ ልጄ» ቢሏትም አልሰማችም። ሰዉ ተራ በተራ እግሩን አነሳላት። ሌንጮ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

እሱም አነሳላት።