ምሽጉ የተኮሳት አንዲት ጥይት

በግብጿ የዓሣ አጥማጆች መንደር በኮም ሚልህ ዳርቻ ባሕሩን ቁልቁል የሚያየውን የመድፍ ምሽግ ወታደር ከለቀቀው አርባ ዓመት አልፎታል። መድፎቹ ዝገው፣ ፍየል በየጓዳው እየዋለበት፣ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ግን መንግሥት ድንገት ታሪክ አማረው። ግንቡ ተለሰነ፣ በሩ ላይ የሚቆም እብነ በረድ ታዘዘ። የሚቀረጽበትን ቃል ሙኒር የሚባል የባህል ቢሮ ሹም መንደሩን ሰብስቦ አነበበ፦ «ይህ ምሽግ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ባሕራችንን ጠበቀ።»

የዓሣ ሻጯ የነዓማት ደም ፈላ።

«አንድም? አባቴን ታዲያ ማን ገደለው፣ ብርድ ነው?»

አባቷ ገባሊ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከእስራኤል ጋር በተደረገው የሰኔው ጦርነት ሦስተኛ ቀን ከምሽጉ ተኩስ ተሰማ፣ እሱም ከነጀልባው ቀረ፤ ያኔ እሷ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡን «አርፋችሁ ተቀመጡ» ብለው ዝም አሰኙት፤ እናቷም ነገሩን በሆዷ እንደያዘች ሞተች። አሁን ነዓማት የምትፈልገው የአባቷ ስም እዚያ ድንጋይ ላይ እንዲጻፍ ብቻ ነው።

«መዝገቡ ላይ የለም፣ ሐጃ» አላት ሙኒር። «ያኔ ምሽጉ ውስጥ የነበረ ሰው ይምጣና ይመስክር፤ እኔ እጽፋለሁ።»

ከነበሩት በሕይወት ያለው ተኳሹ ሐጅ ሸውቂ ብቻ ነው። የመንደሩን ልጅ አግብቶ እዚያው ቀርቷል። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ከነዓማት መደብ ዓሣ ገዝቶ አያውቅም፤ ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። በማግስቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ዛሬ እንኳ አያመልጡኝም፣ ሐጅ። የሚያውቁትን ይናገሩልኝ።»

ሽማግሌው አጠገቡ እንድትቀመጥ በእጁ ጠቆማት።

«ምሽጉ ላይ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ጀልባ አይወጣም፤ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ባንዲራውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ሲመለስ ዓሣ ይጥልልን ነበር፤ እኛ ደግሞ ርቦናል። ከካይሮ የመጣው አዲሱ መኮንን ይህን የት ያውቃል? ጀልባ አየ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ሸራውን አውቀዋለሁ። እናትሽ በሰማያዊ ጨርቅ የጣፈችው ነው። ‹የኛ ሰው ነው› አልኩት። ‹ተኩስ› አለኝ። ተኮስኩ።»

ነዓማት ልትተፋበት ፈለገች። ግን ያላት ምስክር እሱ ብቻ ነው። ክንዱን ደግፋ እስከ ቢሮው ወሰደችው።

እዚያም ሸውቂ አንድ ሳያስቀር፣ የባንዲራውንም ጭምር ተናገረ። ሙኒር ቀና ሳይል ጻፈ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«መታችሁት?»

«መታነው። ወዲያው ሰጠመ።»

«በጣም ጥሩ» አለ ሙኒር። «ለበላይ አቀርበዋለሁ።»

ነዓማት አነጋገሩ ቅር ቢላትም፣ የቢሮ ሰው ለሁሉም ነገር በጣም ጥሩ ይላል ብላ ተወችው። መጻፉ ነው ቁም ነገሩ።

በምረቃው ቀን አዲሱን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ሹማምንቱ ንግግራቸውን አስረዝመው አስረዝመው በመጨረሻ መጋረጃው ተገለጠ። ነዓማት እያንዳንዱን ፊደል ቀስ እያለች አነበበች፦ «ጀግኖቻችን በአንዲት ጥይት የጠላትን ጀልባ ያሰጠሙበት ምሽግ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሐጅ ሸውቂ ተጠርቶ ወጣ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ሜዳሊያ ተንጠለጠለለት። ተመልሶ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ነዓማት በወንበሮቹ መሃል ተጋፍታ አጠገቡ ደረሰች።

«ይነሱና ይንገሯቸው እንጂ። እስከ ትናንት አባቴን አልነበረም አላችሁት፤ ዛሬ ደግሞ ጠላት አደረጋችሁት።»

ሸውቂ ሜዳሊያውን በመዳፉ ሸፈነ። ከኋላው ወንዶች ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ፎቶ ያነሱታል።

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ልጄ» አላት። «ልጆቼ ይሰሙሻል።»