ውርጭ ስብሰባ አይጠብቅም

አራሚዋ የውርጭን ጠባይ ለብዙ ዘመን በተሳሳተ መንገድ ታውቀው ነበር። ብርድ ልብስ ሰውን እንደሚያሞቅ ሁሉ፣ በችግኝ ሥር የተጎዘጎዘ ጭድም ችግኝን የሚያሞቅ ይመስላት ነበር። በማተሚያ ቤት የሌላውን ስሕተት በቀይ ቀለም እየሰረዘች ጠጉሯ የሸበተ ሴት፣ ይህን የራሷን ሳታርም ኖራለች። እንዲያውም ባለፈው ጸደይ ታላቅ ወንድሟ ጭድ ይጎዝጎዝ ብሎ ድምፅ ሲያሰጥ፣ እጃቸውን ካወጡት አንዷ እርሷ ነበረች። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ማታ መልሳ ለቅጠሉ የምታካፍል ቸር መሆኗን፣ ጭዱም በዚህች ቸር አፍ ላይ የተደፋ ክዳን መሆኑን የተረዳችው፣ የእናቷ የቲማቲም ችግኞች በውርጩ ሌሊት ማግስት ጠቁረውና ተዝለፍልፈው ባየቻቸው ጊዜ ነው።

እናትየው ያንን ዘር እስክታርፍ ድረስ ከዓመት ዓመት ስታሸጋግር ኖራለች። ከአምናው ጥፋት የተረፈው እፍኝ የማይሞላ ፍሬ ዘንድሮ ተዘርቶ በቅሏል። ይህም ከሞተ ዘሩ አበቃለት፤ ከየትም አይለመንም፣ ከየትም አይገዛም።

እርሷ ጓሮ በሌለው የኪራይ ቤት ስለምትኖር፣ ችግኙ የበቀለው በወንድሟ ጓሮ ነው፤ ወንድሟም ሊቀ መንበር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በጡረታ ሲሰናበት ወንበሩን ትቶ ቢወጣም፣ ሊቀ መንበርነቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ገብቷል። ጎረቤቱ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ እርሱም ሹፈት መሆኑ እስከ ዛሬ አልተገለጠለትም። በእርሱ ቤት ቧንቧ ቢያፈስ ስብሰባ ነው፤ ድመት ብትወልድ ስብሰባ ነው። የሚያውቀውን ለመናገር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ የማያውቀውን ለመናገር ከመቀመጫው ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚናገረው።

ብርዱ ወጥቷል ተብሎ ካፖርት ሁሉ በተሰቀለበት በዚያ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠራ፤ ነፋሱም ጸጥ አለ። አራሚዋ ይህን ጥራት አልወደደችውም። ደረቅ አፈር ሙቀት አይዝም ብላ መደቡን ውኃ አጠጣች፤ በዙሪያውም ካስማ ተከለች። የቀረው መሸፈኛ ነበር፦ ቅጠሉን የማይነካ፣ ጫፉ መሬት የሚደርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚለበስ ሰፊ ጨርቅ። በዚያ ቤት ለዚህ የሚበቃ የሳሎኑ መጋረጃ ብቻ ነበር። የሰው ቤት ነውና ፈቃድ ጠየቀች። ወንድሟም ስብሰባ ጠራ።

ተሰብሳቢዎቹ እርሱ፣ ሚስቱና አራሚዋ ነበሩ። ሊቀ መንበሩ ቆሞ ስለ ጸደይ ምንነት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጠ። በዚህ ወቅት ውርጭ ይመጣል ማለት ወቅቱን መናቅ እንደሆነ አስገነዘበ። ሚስቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ራስ መነቅነቅ የኑሮዋ መተዳደሪያ ነው። ቀጥላም መጋረጃው ቀርቶ የዝናብ ላስቲክ ይጣልበት አለች። ላስቲክ ቅጠል ላይ ካረፈ የነካውን ሁሉ በብርድ እንደሚያቃጥል አራሚዋ አስረዳች፤ የሰማት የለም። ሊቀ መንበሩ፣ ከሦስቱ ሰዎች መካከል ሁለቱ ያሉበት ንዑስ ኮሚቴ ቢቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበ።

መስኮቱ ላይ ብርሃኑ ይቀላ ጀመር።

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው። መሬቱ ሙቀቱን ከጨረሰ በኋላ ብንሸፍን ብርዱን ነው የምንሸፍነው።»

«እጅሽን ሳታወጪ ነው የተናገርሽው።»

አራሚዋ እጇን አወጣች።

«እሺ፣ ዕድል ተሰጥቶሻል።»

«ጨርሻለሁ።»

«መጋረጃዬ ጭቃ ከነካው፣ እንግዳ ሲመጣ ምን ልል ነው?» አለች ሚስትየው።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ያልመጣ እንግዳ ዛሬ በውርጭ አይመጣም።»

ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን በጣቱ ቆረቆረ። የራዲዮው የአየር ትንበያ እስኪሰማ ስብሰባው እንዲበተን፣ ከእራት በኋላም እንዲቀጥል ወሰነ። አራሚዋ አየችው። ይህ ሰው በዕድሜው ተሳስቶ የማያውቀው ምንም ነገር ሠርቶ ስለማያውቅ መሆኑን፣ እርሷም ይህን ባዶነት ስታከብር አርባ ዓመት ማሳለፏን አሰበች። ወንድሟን ናቀችው፤ ያከበረችውን ራሷን ደግሞ ከእርሱ አብልጣ ናቀች።

ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎትታ ወጣችበት። መጋረጃዎቹን ከዘንጋቸው አወለቀች። ሊቀ መንበሩ ከኋላዋ ሥነ ሥርዓት፣ ሥነ ሥርዓት ይል ነበር። ጨርቁን በካስማዎቹ ላይ ዘርግታ ጫፉን በድንጋይ ስትጭን፣ የመጨረሻዋ ጨረር ገና ከአጥሩ አልወረደችም።

በማለዳ ከቤቷ ስትመለስ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል፤ መጋረጃውም እንደ ቆዳ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ገለጠችው። ችግኞቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ቆመዋል።

ሊቀ መንበሩ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። በአጥሩ ላይ አንገቱን ላሰገገው ጎረቤት፣ አደጋው አስቀድሞ ስለታወቀ ቤቱ በጋራ መክሮ አስፈላጊውን እርምጃ መውሰዱን ነገረው። ወደ እኅቱም ዞሮ፣ ችግኞቹ ከእንግዲህ በማን ኃላፊነት ሥር እንደሚሆኑ ከሰዓት በኋላ በስብሰባ እንደሚወሰን አስታወቃት፤ ለኃላፊነቱ ራሱን መጠቆሙንም አልሸሸገም።

አራሚዋ ችግኞቹን ከነአፈራቸው እየነቀለች በአሮጌ ጣሳዎች ተከለቻቸው፤ በጋሪ ጭናም ወደ ተከራየችበት ቤት ወሰደቻቸው።