በክርስትና ስሙ የተሰናበተው ወታደር

ቡሬ አውቶቡስ ተራ ላይ የሰማሁት ነገር ነው። ዓመቱ ሰባ ስድስት ይሁን ሰባ ሰባት ልቤ አይዘውም፤ ጎረምሶች ለብሔራዊ ውትድርና ሲጫኑ ነበር። እኔ የፍኖተ ሰላም መኪና እጠብቃለሁ። ኩታ የደረቡ አንድ ሰው ከተሳፈሩት ልጆች አንዱን በመስኮት እጁን ይዘው ያስጠነቅቁታል።

«የክርስትና ስምህን ለሰው እንዳትሰጥ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ አባቴ።»

«አለቃህ ቢጠይቅህም።»

«አልሰጥም።»

«ለሴትም ቢሆን።»

«አባቴ፣ የምሄደው እኮ ጦር ሜዳ ነው!»

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «ብቻ...» ብለው ወደ መስኮቱ ተጠግተው አንድ ነገር ጨመሩለት። ሞተሩ ተነሣና ቃሉ ግማሹ ጠፋብኝ። «ቄስ» ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል። «ሞት» ሲሉም።

መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም አረጀሁ ለማለት ባልደፍርም ሸበትኩ። በሰማንያ ዘጠኝ ግንቦት ላይ ፍኖተ ሰላም፣ ከዞኑ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር፣ ማመልከቻ እየጻፍኩ እተዳደር ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን ከደብራችን፣ የአጻጻፉን ወግ ደግሞ ሰዎች ተመልሶባቸው ከጣሉት ማመልከቻ ነው የለቀምኩት። ከእኔ ይልቅ ጆሮዬ ነው የሚሠራው፤ ሰው ሲናገር አላቋርጥም።

አንድ ጠዋት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሌለ ሰው በክራንች መጥቶ አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጅጉ እንደሚባል፣ አገሩም የቡሬ ገጠር እንደሆነ ነገረኝና ከጦሩ የተሰናበተበትን ወረቀት ሰጠኝ። ፎቶግራፉ የራሱ ነው። ስሙ የሌላ ነው።

«ይኼ ማነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ።»

«እጅጉ ነኝ አላልከኝም?»

«ነኝ።»

«ይኼኛውስ ታዲያ?»

ግራ ቀኙን ቃኘና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «የክርስትና ስሜ ነው» አለኝ።

እኔም ወረቀቱን ቶሎ አጠፍኩት። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለጸሎትና ለፍትሐት ነው፤ ክፉ ሰው ካገኘው መተት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። እናት፣ የክርስትና አባትና የንስሐ አባት ካወቁት ይበቃል። ስለዚህ እዚህም አልጽፈውም፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሜን ግንባር ፈንጂ እግሩን ሲቆርጠው በትኩሳት እየቃዠ ሆስፒታል ተኝቷል። ነጭ የለበሰ ሰው መዝገብ ይዞ ራስጌው ቆሞ «ስምህ ማነው?» ይለዋል። እጅጉ ሰዓቱ ደርሶ ቄስ የመጣለት መስሎት፣ ፍትሐቱ እንዳይበላሽበት የክርስትና ስሙን ይሰጣል። ነጭ ለባሹ አስታማሚ ኖሮ ጻፈው። ያ ስም ከሆስፒታል ወደ ካምፕ፣ ከካምፕ ወደ ስንብት ወረቀቱ ተከተለው።

«ካምፕ ሳለህ አላሳረምከውም?»

«ለማሳረም ይኼ የክርስትና ስሜ ነው ማለት ይኖርብኛል። በሁለት ሺህ ሰው መካከል?»

አሁን ጨነቀው። ባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩት ሰዎች፣ የቀበሌ መታወቂያህና የስንብት ወረቀትህ ካልተስማሙ አንለካህም ብለውታል። የራሱን መሬት ጎረቤቱ ምናለ በእኩል ያርስለታል። «ይሁን ብዬ ነበር» አለ። «ባለፈው ግን ልጄ ፋና ጥጃ ፍለጋ ሄዳ የት አገኘሽው ብላት፣ ‹ከአያ ምናለ ማሳ› አለችኝ። የእኔን ማሳ እኮ ነው! ሰኔ ሳይገባ እግር ካላገኘሁና ሞፈር ካልያዝኩ፣ በሚቀጥለው ዓመት እኔም እንደዚያው ሳልለው አልቀርም።»

የስንብት ወረቀቱን ለማሳረም አሳይቶ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ጊዜ ቀጥሮት ሦስቱንም ጊዜ አልቀረበም ተብሏል። ቀርቦ ነበር። ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊዋ በር ላይ ወጥታ ያን ስም ስትጣራ አጎንብሶ ዝም ይላል።

«ለምን አትነሣም ሰውዬ?»

«ብነሣ የማን እንደሆነ ኮሪደሩ ሁሉ አያውቅም?»

ሳቄን በመከራ ዋጥ አድርጌ ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ የስሙን ቦታ ባዶ ተውኩት። ይዘን ገባን። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ያምሮት ማንበብ ጀመረችና ባዶው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ላይ ምን ልበል?»

«ወረቀቱን ይዩትና በልብዎ ይበሉት፤ የክርስትና ስሙ ነው» አልኳት።

አየችው። እጅጉን አየችው። ተነሥታ በሩን ዘጋችው። «ሦስት ጊዜ ጮኼ ጠራሁህ እኮ ወንድሜ! ይቅር በለኝ። የእኔን እናቴ ብቻ ናት የምታውቀው።» ከዚያ የሥራ ድምጿን መልሳ፣ «ማረም ይቻላል፤ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ምስክር ግን እፊቴ ቀርቦ ይፈርም» አለች።

እናቱ አርፈዋል፤ የንስሐ አባቱም እንዲሁ። የቀሩት የክርስትና አባቱ ስሜነህ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስሙ ወረቀት ላይ መውጣቱን ካዩ ጀምሮ ስድስት ዓመት አኩርፈውታል።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ከቡሬ ወጥተን፣ እሱ በክራንች እኔ በእግሬ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን፤ እኔ እየደከመኝ እሱ ያርፍልኛል። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ቀንበር ይጠርባሉ። ሳያቸው አወቅኋቸው፤ የአውቶቡስ ተራው ሰው ናቸው።

«እንደምን ዋሉ አባቴ» አለ እጅጉ።

«ማን ልበል?» አሉ ቀና ሳይሉ። «በየትኛው ስምህ ነው የመጣኸው?»

ባለቤታቸው እትዬ ደጊቱ ጠላ ይዘው ወጡ። «ግባ ልጄ፣ አትስማቸው። ተዝካርህን ካበሉ ወዲህ እንዲህ ናቸው።»

ለካስ ደርግ ሲወድቅ ሳይመለስ ቢዘገይ ሞተ ብለው ተዝካሩን አውጥተውለት ኖሯል። ጽሕፈት ቤት ቀርበው እንዲመሰክሩለት መምጣታችንን ነገርኳቸው።

«ሙክት አርጄ፣ ካህናቱን ሰብስቤ» አሉ ሽማግሌው፣ «አንተ ግን አልመጣህም።»

«ሆስፒታል ነበርኩ አባቴ።»

«በትክክለኛው ስምህ ነበር ያስጠራሁህ! በምሥጢር የያዝኩት ስም መስሎኝ። አንተ ለካ ለደርግ ጸሐፊ ሰጥተኸዋል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ነገር ነው የለመንኩት። ለማንም አትስጥ አልኩት። ሰጠ። እንግዲህ የሰጠው ራሱ ይመልሰው፤ እኔ ቢሮ ለቢሮ ስሙን አልዘራም።»

ያን ጊዜ ጠላዬን አስቀመጥኩ። «አያ ስሜነህ፣ እጅጉን የሸኙ ዕለት ቡሬ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። ‹ለሴትም ቢሆን› ሲሉት ሰምቻለሁ። ከዚያ ‹ብቻ› ብለው የጨመሩለት ነገር ነበር፤ መኪናው ተነሣና አልሰማሁትም። ምን ነበር ያሉት?»

መጥረቢያው ቆመ። እጅጉ ነው የመለሰው፤ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል።

«‹ብቻ ሞት ከመጣብህ፣ ቄስ ሲቀርብህ ቶሎ ንገረው፤ በባዕድ ስም እንዳይፈታህ፣ እኛም ወዲያ ስንመጣ እንዳናጣህ› ነው ያሉኝ።»

ሽማግሌው መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ስድስት ዓመት ይኼን ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ሰድበውኝ እንጂ።»

«እና ያ ሰውዬ ቄስ አለመሆኑን አላየህም? መስቀል ይዞ ነበር?»

«መርፌ ነበር የያዘው።»

«መርፌ የያዘ ቄስ የት አይተህ ታውቃለህ አንተ!»

እትዬ ደጊቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። «እርስዎ ያሉትን አደረገ፤ ልጁ ምን በደለ?» አሉ። «መስክርለት እንግዲህ» ሲሉ ደግሞ፣ ባሌ ናቸው ብለው ሳይፈሩ አንተ አሏቸው። ሽማግሌው ቀንበሩን አገላብጠው አዩት፤ አሻግረው ክራንቹን አዩት።

«እዚያ ያለው ጸሐፊ በር ይዘጋል?»

«ትዘጋለች» አልኩ።

«ትዘጋለች? ሴት ናት እንዴ?»

«ለሴትም ቢሆን ብለውኝ ነበር» አለ እጅጉ።

«ዝም በል አንተ!» አሉ፤ ግን ጥርሳቸው ታየ። በዓይኔ ላይ የቀረው ያ ነው።

ቀንበሩንም ለማን እንደሚጠርቡት ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ የእጅጉ ነው፣ ለሰኔ ይደርስለታል አሉ። ከዚያም በማክሰኞው የጠዋት መኪና ፍኖተ ሰላም ሊመጡ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስሙን በሴትዮዋ ጆሮ አንድ ጊዜ ብቻ ሊናገሩና አውራ ጣታቸውን ሊያትሙ ተስማሙ።