እጅ ወደ ኪስ

የመዋኛውን ወለል የምወለውለው እኔ ነኝ። ሰው ማናገር ስለማይሆንልኝ ዝም ብዬ አያለሁ።

ኒንኬ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የእንጀራ አባቷ ባጠፋች ቁጥር ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ እየደፈቀ ይቀጣት እንደነበር፣ አሳዳጊዋ ማሪት ለአሠልጣኟ ለሂልቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ሐኪሙ፣ “የሚቆይላት አንድ ሰው ካገኘች ትድናለች” ብሏል አሉ። ማሪት ቆየችላት። ዓመት ሙሉ የልጅቷን ጸጉር አልነካችም፤ ስትታጠብ ልጅቷ ራሷ ውሃውን እንድታፈስ ኩባያውን ታቀብላታለች እንጂ። ስናደንቃት፣ “ምን አደረግሁ? ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት” ትላለች።

እኛ አገር ልጅ ሁሉ ጥልቅ የውሃ ቦይ ዳር ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከነልብሱ ከነጫማው ዘሎ፣ ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ሸራ ቀዳዳ ሾልኮ ካልወጣ የዋና ምስክር ወረቀት አይሰጠውም። ኒንኬ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ውሃ ትፈራለች አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ጠርዙ ላይ ቆመች። ወላጆች ዙሪያውን ሞልተዋል።

“ኧረ ግቢ! ጫማሽ እኮ እዚሁ ሊያረጅ ነው!” አለ ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ቀዥቃዣ ልጅ።

ሂልቴ ከኋላዋ ቀረበች፤ የፈራ ልጅ በቀስታ ገፋ ይደረጋል።

ያኔ አፌ ተከፈተ። “ቲቸር፣ የምትፈራው ውሃውን አይደለም። አንድም ቀን ውሃውን ስታይ አላየኋትም። የምታየው የሰው እጅ ነው።”

“ይህን ሁሉ ወር ዝም ብለህ?”

“አልጠየቁኝማ።”

ሂልቴ ለዋናተኛ የምትዘረጋውን ረጅም ዘንግ አስቀምጣ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። “ወላጆች፣ ሁላችሁም እጅ ወደ ኪስ!”

“ፎቶውስ?” አለ አንድ አባት።

“ፎቶህ ይደርሳል፣ አንተ ሰውዬ! እጅህን ክተት!” አለችው ማሪት። የእሷ ቀድሞ ገብቷል።

ኒንኬ ዞራ አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ፣ “አንተስ?” አለች። መወልወያውን ለቀቅሁት፤ ጓ ብሎ ወደቀ። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዘለለችም።

ሸራው ሰማያዊ ነው፤ ከጀርባው ያለው አይታይም። ማሪት ከንፈሯን ነከሰች። ቆየ፤ በጣም የቆየ መሰለኝ። ከዚያ የኒንኬ ቀይ ሹራብ እጅጌ በቀዳዳው ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ጭንቅላቷ። ማንም አላጨበጨበም፤ እጃችን ኪሳችን ውስጥ ነው።

ኒንኬ ውሃ እያንጠፈጠፈች ማሪት ጋ ሄደች። የማሪትን ቀኝ እጅ ከኪስ ጎትታ አወጣችና የራሷ ርጥብ አናት ላይ አስቀመጠችው።